ስልኬ ላይ ያለው ሰነድ ኮምፒውተሩ ላይ ሲጠፋ

ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ለማስተርስ የውጭ አገር ስኮላርሺፕ ሊያመለክት ተነስቷል። የሚያስተምርበት ገጠር ግን ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። እዚያው ጉብታ ላይ ሆኖ ደወለልኝ። "እትዬ፣ ወረቀቶቼ ሁሉ እማዬ ጋ ናቸው። እዛው እያለሽ ስካን አድርጊልኝና አዲስ አበባ ስትመለሺ አንቺው ሙይልኝ" አለኝ።

እናቴ የቤተሰቡን ወረቀት የምታኖረው አልጋዋ ሥር ባለ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው። ሁሉም በፌስታል ተጠቅልሏል። ፌስታሉ ደግሞ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ታስሯል። የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርዱን፣ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን፣ ዲግሪውን፣ ትራንስክሪፕቱን አንድ በአንድ አወጣን። በሰባት ሰነድ 23 ገጽ ሆነ። መስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ እየዘረጋሁ በስልኬ አነሳሁ። እናቴ ከጎኔ ቆማ ያነሳሁትን ወረቀት በሁለት እጇ እየተቀበለች ወደ ፌስታሉ ትመልሳለች። "ዋናዎቹን ይዤ ልሂድ ወይ?" ብዬ ጠየቅኳት። "ዋናው ከዚህ ቤት ንቅንቅ አይልም" አለች። እኔም ያን ሁሉ ዋና ወረቀት ይዤ አውቶቡስ መሳፈር አልፈለግኩም።

የተጠቀምኩት ጉግል ድራይቭን፣ ፋይል በኢንተርኔት የሚያስቀምጠውን የጉግል አፕ ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ስለሚመጣ ሌላ አፕ ማውረድ አያስፈልግም። አፑን ስትከፍቱ ከታች በቀኝ በኩል የካሜራ ምልክት አለች። እሷን ነክታችሁ ወረቀቱን ማንሳት ነው። አፑ ራሱ የወረቀቱን ጠርዝ ፈልጎ ይቆርጠዋል። ገጽ እየጨመራችሁ ትሄዳላችሁ። ሲያልቅ ሁሉንም ባንድ ፒዲኤፍ ያስቀምጠዋል። እኔም ሰባቱን ሰነዶች እንዲህ አስቀመጥኩና በማግስቱ መንገድ ገባሁ።

ማመልከቻው የሚዘጋው ሐሙስ ነው። ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ሰፈሬ ያለ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ቤቴ ላፕቶፕ የለኝም። ያን ረጅም ፎርም ደግሞ በስልክ መሙላት ስቃይ ነው። ጂሜሌን ከፈትኩ። ድራይቭ ውስጥ ገባሁ። ድሮ ያስቀመጥኩት ሲቪና የአንድ ሠርግ ፎቶዎች አሉ። ከወንድሜ ወረቀት ግን አንድም የለም። ገጹን ደጋግሜ ሪፍሬሽ አደረግኩ። የለም። ስልኬን አውጥቼ አየሁ። ሰባቱም እዚያ ተደርድረዋል። ክው አልኩ። ዋናዎቹ ከእኔ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው፣ አባይ በረሃ ማዶ፣ አልጋ ሥር ነው ያሉት።

በኋላ መሥሪያ ቤት ሳወራው ሦስት ሰው "እኔንም አጋጥሞኛል" አለኝ። አንዷ ለቪዛ፣ አንዱ ለሥራ ቅጥር፣ አንዱ ለልጁ ትምህርት ቤት። ሁሉም ሲጨንቃቸው ዋናውን ፍለጋ እንደገና ሄደዋል። ለዚህ ነው ያለፍኩበትን ሁሉ በዝርዝር የምጽፈው።

የመጀመሪያው ችግር ይህ ነበር። ስካን ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ ክላውድ ላይ መግባት ሌላ። ክላውድ የሚባለው ሩቅ ቦታ ያለ የድርጅቱ ኮምፒውተር ነው። ስልካችን ያነሳውን ወረቀት በኢንተርኔት እዚያ ድረስ መላክ አለበት። ልኮ እስኪጨርስ ድረስ ሰነዱ ያለው ስልካችን ውስጥ ብቻ ነው። አፑ ግን ገና ያልተላከውንም ፋይል ስለሚያሳየን የሄደ ይመስለናል። እኔም ተሸወድኩ። ስልኬን ከላይ ወደ ታች ስስበው "ዋይፋይ በመጠበቅ ላይ" የሚል ማሳወቂያ ቁጭ ብሏል። እናቴ ቤት ዋይፋይ የለም። ድራይቭ ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ ፋይል በዋይፋይ ብቻ እንዲላክ የሚያደርግ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። የእኔ በርቶ ነበር። ዳታ እንዳይበላ ብዬ ድሮ ራሴ አብርቼው ሊሆን ይችላል። ሰባቱም ፋይሎች ተደምረው 18 ሜጋ ባይት ናቸው። ደብረ ማርቆስ እያለሁ ከጥቅሌ ላይ ብልካቸው ኖሮ ምንም አልጎዳም ነበር። አሁን ሰነድ ስካን ሳደርግ ያንን ማብሪያ አጠፋዋለሁ። ሰነዱ ሲገባ መልሼ አበራዋለሁ።

በነገራችን ላይ ዋይፋይም ዳታም እያለ አልላክ የሚልበት ሌላ ምክንያት አለ። ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋ ባይት ነው። እሱንም ጂሜል፣ ድራይቭና ጉግል ፎቶስ ይካፈሉታል። የልጆች ቪዲዮ ሲሞላው ሰነዱ አይገባም፣ ኢሜይልም መቀበል ያቆማል። የስኮላርሺፕ መልስ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ከባድ ነው። የእኔ አልሞላም ነበር።

የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ የዋይፋይ ፓስወርዱን ሰጠኝ። በደቂቃዎች ውስጥ ሰባቱም ተላኩ። ስልኬ ጨርሻለሁ አለ። ደስ አለኝ። ኮምፒውተሩን ሪፍሬሽ አደረግኩ። አሁንም የለም።

ልጁ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። "እህት፣ ስልክሽ ላይ ድራይቩን ክፈቺውና ከላይ በቀኝ ያለችውን ክብ ንኪያት" አለኝ። ነካኋት። አንድ የኢሜይል አድራሻ ወጣ። የእኔ አይደለም። ስሜ አለበት፣ ከስሜ ቀጥሎ ግን የማላውቃቸው ቁጥሮች ተደርድረዋል። ትንሽ ቆይቶ ነው ትዝ ያለኝ። ስልኩን ስገዛ የሱቁ ልጅ "አፕ እንዲያወርድልሽ ጂሜል ልክፈትልሽ" ብሎ እዚያው የከፈተልኝ አካውንት ነው። እኔ ቤት ገብቼ የራሴን ጂሜል ጨመርኩ። የሱቁ ግን አልጠፋም። ስልኬ ላይ ሁለት አካውንት አለ፣ ድራይቩ የሚያስቀምጠው በመጀመሪያው ላይ ነው። ፓስወርዱን እኔ አላውቀውም። የከፈተውም ልጅ የሚያስታውሰው አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ስልካችሁን አያውቀውም። የሚያውቀው አካውንታችሁን ብቻ ነው። ሰነዱ ስልኩ ላይ በየትኛው አድራሻ እንደተቀመጠ፣ ኮምፒውተሩም በዚያው አድራሻ መከፈት አለበት። አንድ ፊደል ወይም አንድ ቁጥር ከተለየ ሌላ ሰው ቤት እንደመግባት ነው። ስለዚህ ስካን አድርጋችሁ "አስቀምጥ" ከማለታችሁ በፊት የሚመጣውን ገጽ ዝም ብላችሁ አትለፉት። የፋይሉ ስም፣ አካውንቱና የሚገባበት ፎልደር እዚያ ላይ ተጽፈዋል። አካውንቱን ነክታችሁ መቀየር ትችላላችሁ። ስልካችሁን ሱቅ ያስጀመረላችሁ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ክቧን ነክታችሁ እዩ። ጉግል ለ2 ዓመት ምንም ያልተነካ አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል አሳውቋል። የማታውቁት አካውንት ውስጥ ያለ ዲግሪ አደራ የሚባል አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ስልኬ ላይ ሰባቱን ፋይሎች መረጥኩና ለራሴ ጂሜል ሼር አደረግኳቸው። ኮምፒውተሩ ላይ "ከእኔ ጋር የተጋሩ" በሚለው ክፍል ውስጥ ወዲያው መጡ። ልጁ ግን "እዚህ ብቻ አትተያቸው" አለኝ። የተጋራ ፋይል ባለቤት አሁንም የመጀመሪያው አካውንት ነው። ያ ከተሰረዘ ፋይሉም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱን ኮፒ አድርጌ የራሴ ድራይቭ ውስጥ፣ በወንድሜ ስም በከፈትኩት ፎልደር አስቀመጥኩ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ለዚህ ሁሉ የጠየቀኝ የኢንተርኔቱን ሒሳብ ብቻ ነው።

አለቀ ብዬ ትራንስክሪፕቱን ከፈትኩት። በትልቁ ስክሪን ሳየው ሌላ ጉድ ታየኝ። ማኅተሙ የለም። ወረቀቱ ላይ ክብ ወይን ጠጅ ማኅተም ነበር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከ12 ዓመት በላይ ሳጥን ውስጥ ስለቆየ ቀለሙ ትንሽ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል። በስካኑ ላይ የቀረው ግን ግማሽ ቀለበት የሚመስል ጥላ ነው። ፊርማው ነጥብ ነጥብ ሆኗል። ምን ሆነ መሰላችሁ? አፑ ገጹን ነጭ፣ ጽሑፉን ጥቁር ለማድረግ ይሞክራል። ደብዛዛ ቀለም ሲያገኝ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ አብሮ ያጥበዋል። ስልክ ላይ ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ አላስተዋልኩትም። አንዴ ከተቀመጠ ደግሞ የታጠበው ማኅተም አይመለስም።

ስለዚህ ማኅተም ያለበት ወረቀት ስታነሱ ከማስቀመጣችሁ በፊት ማጣሪያውን ክፈቱና ቀለሙን እንደነበረ የሚተወውን ምረጡ። ጥቁርና ነጭ የሚለውን ተዉት። ከዚያ በሁለት ጣት ከፍታችሁ ማኅተሙን አጉሉት። በማኅተሙ ዙሪያ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ካልቻላችሁ ኤምባሲውም ዩኒቨርሲቲውም ማንበብ አይችልም። ላሚኔት የተደረገ ወረቀት ከሆነ ፍላሹን አጥፉ፣ ነጭ ነጸብራቅ ስሙ ላይ ያርፋል። የቀን ብርሃን ከጎን ሲመጣ ከሁሉም ይሻላል።

ለእናቴ ደወልኩ። ስማርት ስልክ የላትም። የጎረቤታችን ልጅ ግን 12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ስልክም ቴሌግራምም አላት። ረቡዕ ጠዋት እናቴ ጠራቻት። ሳጥኑ እንደገና ተከፈተ። ልጅቷ በመስኮቱ ብርሃን ቀለሙን ሳትነካ አነሳችና ላከችልኝ። ደረሰኝ፣ ግን ጽሑፉ ብዥ ብሏል። እንደ ፎቶ ነበር የላከችው። ቴሌግራም ፎቶን ጨምቆ ያሳንሰዋል። "የኔ እናት፣ የወረቀት ማያያዣ ምልክቷን ነክተሽ 'ፋይል' በሚለው ላኪልኝ" አልኳት። ሁለተኛው ሲመጣ በማኅተሙ ዙሪያ ያለው እያንዳንዱ ፊደል ይነበባል። እናቴ ከጀርባ "ደረሰ ወይ? ልመልሰው ወይ?" ስትል ይሰማኛል። "ቆይ፣ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ልየው" አልኩ። በምሳ ሰዓት ከፍቼ አየሁት። ያኔ ነው "አሁን መልሺው" ያልኳት።

በእርግጥ ቴሌግራም ራሱ አንድ መንገድ ነው። "ሴቭድ ሜሴጅስ" ለራሳችሁ የምትልኩበት ነው፣ የላካችሁት ከኮምፒውተርም ይከፈታል። እንደ ፋይል ከላካችሁ ጥራቱ አይቀንስም። ለፈጣን ነገር እኔም እጠቀምበታለሁ። ለወንድሜ ዓይነት ጉዳይ ግን ፎልደር ይሻላል። ቴሌግራም ላይ ሰነዱ በሳምንት ውስጥ ከመቶ መልእክት ሥር ይቀበራል። አይፎን ያላቸው ደግሞ ኖትስ ወይም ፋይልስ በሚባለው አፕ ስካን ማድረግ ይችላሉ። የተቀመጠው በአፕል ክላውድ፣ በአይክላውድ ላይ ከሆነ ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተርም ቢሆን በብራውዘር፣ አይክላውድ ዶት ኮም ላይ ገብቶ ማየት ይቻላል። የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭም ስልክ ላይ ስካን ያደርጋል። ሁለቱም በነጻ የሚሰጡት 5 ጊጋ ባይት ነው፣ ለወረቀት በጣም ይበቃል። በሁሉም ላይ ያ የአካውንትና የመላክ ነገር ያው ነው።

"በፍላሽ ለምን አልወሰድሽም?" ያለኝ ሰው አለ። ፍላሼ በኢንተርኔት ቤት ቫይረስ ፎልደሮቿ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ያውቃሉ። የሰው ዲግሪ በእሷ አላስይዝም።

ረቡዕ ማታ ፎርሙን ሞላሁ። ድረ ገጹ መጀመሪያ ፋይሎቹን አልቀበልም አለ፣ ምክንያቱም በአማርኛ ነበር የሰየምኳቸው። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ስጽፈው አለፈ። ስም ማውጣቱን ቸል አትበሉት። ድራይቭ ስካኑን በቀንና በሰዓት ቁጥር ብቻ ነበር የሰየመልኝ። ከሰባት ተመሳሳይ ቁጥሮች መካከል ዲግሪውን መፈለግ ጊዜ ያባክናል። አሁን ገና ስልኬ ላይ እያለ የሰውየውን ስም፣ የሰነዱን ዓይነትና ዓመቱን እጽፋለሁ።

ሰዓቱንም ልብ በሉ። ማመልከቻው የሚዘጋው በግሪንዊች ሰዓት 23:59 ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን 1 ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው። ያም ቢሆን የመጨረሻውን ሌሊት አልጠበቅኩም። መብራት ቢጠፋ ማን ይጠየቃል? ረቡዕ ማታ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ላክሁት። ወንድሜ በማግስቱ ጉብታው ላይ ወጥቶ ደወለ። "ተልኳል" አልኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "እትዬ፣ ማኅተሙ ይታያል?" አለኝ። ይታያል።

ማታ ቤት ገብቼ ራቴን ስበላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከኢንተርኔት ቤቱ ኮምፒውተር ጂሜሌን ሳልዘጋ ወጥቻለሁ። ከእኔ ቀጥሎ የተቀመጠ ማንም ሰው የወንድሜን የልደት ምስክር ወረቀት ሊከፍት ይችላል። ደግነቱ ተመልሶ መሄድ አያስፈልግም። ስልክ ላይ የጉግል አካውንታችሁ ውስጥ፣ ደኅንነት በሚለው ክፍል፣ አካውንታችሁ የተከፈተባቸው መሣሪያዎች ሁሉ ተዘርዝረዋል። ያንን ኮምፒውተር አግኝቼ ከስልኬ ላይ አስወጣሁት። ከዚያ ወዲህ የሰው ኮምፒውተር ላይ የምገባው በኢንኮግኒቶ፣ ማለትም ሲዘጋ የገባንበትን በማያስታውስ የብራውዘር መስኮት ነው፣ ስነሳም ሁሉንም መስኮት ዘግቼ ነው። ዳውንሎድ ያደረግኩትንም ከፎልደሩም ከቆሻሻ መጣያውም አጠፋለሁ።

ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር የአክስቴ ልጅ የወንድሜን ማመልከቻ ደብዳቤ አንብባ አርማልናለች። የሰነዶቹን ሊንክ ስልክላት "ፈቃድ የለሽም ይለኛል" አለች። ድራይቭ ሊንኩን ከራሳችሁ በቀር ለማንም አይከፍትም። አንዳንዱ ሰው ሲቸኩል "ሊንኩ ያለው ሁሉ ይይ" የሚለውን ይመርጣል። ለመታወቂያና ለልደት ወረቀት ይህን አታድርጉ። ሊንኩ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር መመለሻ የለውም። የእሷን አድራሻ ብቻ ጻፍኩ፣ ተከፈተላት። ሥራዋን ስትጨርስ አወጣኋት።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ኢንተርኔት ቤት ጂሜሌን ስከፍት ስልኬ ላይ "አንቺ ነሽ ወይ?" የሚል ጥያቄ መጥቶ "አዎ" ብዬ ነው የገባሁት። ለጥበቃ በጣም ጥሩ ነው። ግን ስልኬ ተሰርቆ ቢሆንስ? ሰነዱ ክላውድ ላይ አለ፣ እኔ ግን በር ላይ ቆሜ እቀራለሁ። ለዚህ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን ጥበቃ ያበራ ሰው ከጉግል 10 መጠባበቂያ ኮዶች ማውጣት ይችላል። እያንዳንዱ 8 አኃዝ አለው፣ አንዱ ኮድ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። አዲስ ካወጣችሁ የድሮዎቹ አይሠሩም። ወረቀት ላይ ገልብጬ አንዱን ቅጂ ቤቴ አስቀመጥኩ። ሌላውን በክረምት ስሄድ ለእናቴ ሰጠኋት። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። "የወንድሜ ወረቀቶች ያሉበት ሌላ ሳጥን አለ፣ ይሄ ቁልፉ ነው" አልኳት። ከፌስታሉ ውስጥ ከተተችው፣ በነጠላው ቁራጭ መልሳ አሰረችው። ከዚያ የቤቱን ካርታ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ።